ዲዲ 214 ላይ ያልሰፈረ ሜዳሊያን እንዴት ማስመዝገብ ይቻላል

በአሜሪካ ጦር አገልግሎ የወጣ ሰው ሌላው ወረቀቱ ሁሉ ቢጠፋበት የመሰናበቻ ወረቀቱን፣ ዲዲ 214ን፣ አጥብቆ ይይዛል። የቪኤ (የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት) ሕክምና ሲጠይቅ፣ ለፌዴራል ሥራ ሲወዳደር፣ ሲያልፍም ቤተሰቡ ወታደራዊ የቀብር ሥርዓት ሲያስፈጽምለት በቅድሚያ የሚጠየቀው ይኸው ወረቀት ነው። ሜዳሊያ፣ ሪባንና ባጅ የሚዘረዘሩት ሳጥን 13 ላይ ሲሆን ይህ ሳጥን በብዙ ሰው ወረቀት ላይ ጎዶሎ ነው።

ወረቀቱን የሚሞላው ጸሐፊ በመሰናበቻው ሰሞን በወታደሩ ማኅደር ውስጥ ያገኘውን ይገለብጣል። ጸድቆ ትዕዛዙ ወደ ማኅደሩ ያልገባ ሜዳሊያ ይቀራል፤ ወታደሩ ከወጣ በኋላ የጸደቀም ይቀራል። በዚያን ጊዜ ጨርሶ ያልነበረም አለ። የኮሪያ መከላከያ አገልግሎት ሜዳሊያ የተፈቀደው በ2002 ሲሆን የሚሸፍነው አገልግሎት ግን ከጁላይ 28 ቀን 1954 ይጀምራል። ስለዚህ በ1980ዎቹ ኮሪያ ውስጥ 30 ቀን ያገለገለ ሰው ሜዳሊያው ይገባዋል፤ በዲዲ 214ው ላይ ግን ሊኖር አይችልም። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ጉዳዩ የክብር ብቻ አይደለም። ፐርፕል ሃርት (በጠላት እርምጃ ለቆሰለ የሚሰጥ ሜዳሊያ) ያለው ሰው በቪኤ የጤና አገልግሎት ቢያንስ በሦስተኛው የቅድሚያ ምድብ ይመዘገባል፤ ለፌዴራል ሥራ ሲወዳደር 10 ነጥብ ይጨመርለታል። የዘመቻ ሜዳሊያ ደግሞ የ5 ነጥብ መብት ያስገኛል። የውጊያ ባጅ ያለው ሰው ለቪኤ ካሳ ሲያመለክት በጦር ሜዳ ስለደረሰበት ጉዳት የሚሰጠው የራሱ ቃል ክብደት ያገኛል።

መጀመሪያ ሙሉውን ማኅደር ያስመጡ

ብዙ ሰው ዲዲ 214ን ብቻ ይዞ አቤቱታ ይጽፋል። ማስረጃው ያለው ግን ማኅደሩ ውስጥ ነው። የሜዳሊያ ትዕዛዞች፣ የሥራ አፈጻጸም ግምገማዎች፣ የዝውውርና የዘመቻ ትዕዛዞች ሁሉ እዚያ ናቸው። መዝገቡ የሚጠየቀው በሚዙሪ ግዛት ሴንት ሉዊስ ከሚገኘው ብሔራዊ የሠራተኞች መዝገብ ማዕከል ነው። ኢቬትሬክስ በተባለው የኦንላይን መጠየቂያ ወይም ኤስ ኤፍ 180 ቅጽን ሞልቶ በፖስታ በመላክ መጠየቅ ይቻላል። በቅርብ ዓመታት የወጡ ሰዎች ማኅደራቸው በኤሌክትሮኒክ የተያዘ ስለሆነ ሚልኮኔክት በተባለው የጦሩ ድረ ገጽ በኩልም ያገኙታል። ቅጹ ላይ የሚፈልጉት «ሙሉ የሠራተኛ ማኅደር» መሆኑን በግልጽ ይጻፉ። ይህን ካልጻፉ ዲዲ 214ን ብቻ ኮፒ አድርገው ሊልኩልዎት ይችላሉ። ቅጹ ላይ በእጅዎ መፈረምና ቀን መጻፍም አይርሱ፤ ያልተፈረመ ጥያቄ ሳይታይ ይመለሳል።

ለእኛ ሰው አንድ ተጨማሪ መሰናክል አለ፤ እሱም ስም ነው። በአሜሪካ ወረቀት የአባት ስም የቤተሰብ ስም ሆኖ ይገባል፤ አንዳንዱ ላይ ደግሞ የአያት ስም ቦታውን ይይዛል። አማርኛውን በላቲን ፊደል ስንጽፍም አንዱን ስም ሦስት ዓይነት አድርገን እንጽፈዋለን። ዜግነት ሲወሰድ ስሙ ቢስተካከል ማኅደሩ ግን በድሮው አጻጻፍ እንደተቀመጠ ይቆያል። ስለዚህ ቅጹ ላይ የሚጻፈው በአገልግሎት ዘመን የነበረው ስም፣ ያኔ በተጻፈበት ፊደል ነው። የአሁኑን ስም በማብራሪያው ቦታ ይግለጹ፤ ስሙ የተቀየረበትን የፍርድ ቤት ወረቀት ወይም የዜግነት የምስክር ወረቀት ኮፒም ያያይዙ። ማቭኒ በተባለው የምልመላ ፕሮግራም ከተፈለጉት ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነበር፤ በዚያ በኩል ገብተው በአገልግሎት ላይ ሳሉ ዜግነት ያገኙ ወጣቶች በተለይ ይህን ልብ ሊሉት ይገባል። የአገልግሎታቸው የመጀመሪያ ወራት ወረቀትና የኋለኛው የተለያየ ስም ሊይዙ ይችላሉና ሁለቱንም አጻጻፍ ይስጡ።

ማኅደሩ የቆየ ከሆነ ስለ ቃጠሎው ማወቅ ያስፈልጋል። በጁላይ 12 ቀን 1973 ሴንት ሉዊስ ላይ በተነሳ እሳት ከ16 እስከ 18 ሚሊዮን የሚደርሱ ማኅደሮች ጠፍተዋል። ከኖቬምበር 1 ቀን 1912 እስከ ጃንዋሪ 1 ቀን 1960 ከምድር ጦር ከተሰናበቱት 80 በመቶ የሚሆነው ማኅደር የተቃጠለው ያኔ ነው። ማዕከሉ በእንዲህ ያለ ጊዜ ከደመወዝ መዝገብና ከሌሎች ምንጮች አገልግሎቱን መልሶ ለማቀናጀት ይሞክራል፤ ለዚህም የሰውየው ክፍል፣ የገባበትና የወጣበት ቀን፣ ያገለገለበት ቦታ በተቻለ መጠን በትክክል ሊሰጠው ይገባል።

የጎደለው ሜዳሊያ የትኛው ዓይነት ነው?

ሰው ዓመት የሚያጣው እዚህ ላይ ነው። ሦስት ዓይነት ጉድለት አለ፤ እያንዳንዱም የሚሄድበት ቢሮ የተለያየ ነው።

አንደኛው በአገልግሎት ቦታና ጊዜ ብቻ የሚገኝ ነው። የብሔራዊ መከላከያ አገልግሎት ሜዳሊያን ይውሰዱ፦ ከሴፕቴምበር 2001 እስከ ዲሴምበር 31 ቀን 2022 በንቁ አገልግሎት ላይ በክብር ላገለገለ ይገባል። የአፍጋኒስታን ዘመቻ ሜዳሊያ ከኦክቶበር 24 ቀን 2001 እስከ ኦገስት 31 ቀን 2021፣ የኢራቅ ደግሞ ከማርች 19 ቀን 2003 እስከ ዲሴምበር 31 ቀን 2011 ያለውን ይሸፍናሉ። ሁለቱም በተከታታይ 30 ቀን ወይም በተቆራረጠ 60 ቀን እዚያ መገኘትን ይጠይቃሉ። ለእነዚህ የግል ትዕዛዝ አያስፈልግም፤ እዚያ መኖርዎን ማሳየት ይበቃል።

ሁለተኛው በአዛዥ ጸድቆ ወረቀቱ ላይ ያልሰፈረ የግል ሽልማት ነው፦ አርሚ ኮሜንዴሽን፣ ብሮንዝ ስታር፣ የውጊያ ባጅ። እዚህ ላይ ትዕዛዙ መገኘት አለበት።

ሦስተኛው ይገባው የነበረ ግን ያልተጻፈለት፣ ወይም ተጽፎ መንገድ ላይ የቀረ ሽልማት ነው። ይህ የስህተት እርማት ሳይሆን አዲስ የሽልማት ጥያቄ ነው፤ መንገዱም ረጅም ነው።

ማስረጃ መሰብሰብ

ለመጀመሪያው ዓይነት ጥሩ ማስረጃ የሚባሉት የዘመቻ ትዕዛዝ፣ የሥራ አፈጻጸም ግምገማና የጦር ቀጠና አበል የሚያሳይ የደመወዝ ወረቀት ናቸው። የዲዲ 214ውን ሳጥን 18ም ያንብቡ፤ «ኢራቅ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን» የሚል መስመር ብዙ ጊዜ እዚያ አለ። ያ መስመር ካለና ሜዳሊያው ሳጥን 13 ላይ ከሌለ ጉዳዩ በራሱ ወረቀት የተመሰከረ ነው።

ከኤፕሪል 30 ቀን 2005 በፊት አፍጋኒስታን ወይም ኢራቅ የነበሩ ሰዎች አንድ ነገር ይጠንቀቁ። የዘመቻ ሜዳሊያዎቹ ከመፈጠራቸው በፊት የፀረ ሽብር ጦርነት ኤክስፔዲሽነሪ ሜዳሊያ ይሰጥ ነበር። ያን የያዘ ሰው በዘመቻው ሜዳሊያ እንዲለወጥለት መጠየቅ ይችላል፤ ለዚያው ጊዜ ሁለቱንም መያዝ ግን አይችልም። ሁለቱንም የጠየቀ ሰው እምቢ ሲባል ያዝናል፤ «ይለወጥልኝ» ብሎ ቢጽፍ ኖሮ ያልቅ ነበር።

ለግል ሽልማት የምስክር ወረቀቱን ፍሬም አድርጎ ግድግዳ ላይ የሰቀለ ሰው ማስረጃ አለኝ ብሎ ያስባል። ቢሮው የሚፈልገው ግን የትዕዛዝ ቁጥርና ቀን ነው። በምድር ጦር ይህ ዲኤ 638 ቅጽ መጨረሻ ላይ ይገኛል፤ አዛዡ የፈረመበትና የትዕዛዝ ቁጥር የተሰጠው መሆን አለበት። ለሽልማት ያቀረበው ሰው ብቻ የፈረመበት ገጽ ሽልማቱ መጠየቁን እንጂ መጽደቁን አያሳይም። ትዕዛዙ ከሌለዎት የያኔውን ክፍልዎን የሰው ኃይል ቢሮ፣ አብረው የተሸለሙ ጓዶችንም ይጠይቁ፤ አንድ ትዕዛዝ ላይ የብዙ ሰው ስም ይሰፍራልና ጓደኛዎ ጋር ያለው ኮፒ የእርስዎንም ስም ይዞ ሊሆን ይችላል። የሌሎቹን የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር አጥቁረው ይላኩ።

የመልካም ሥነ ምግባር ሜዳሊያ ከሚረሱት አንዱ ነው። በምድር ጦር ከመኮንን በታች ላለ ወታደር በየሦስት ዓመቱ የሚሰጥ ነው፤ አዛዡ የከለከለ እንደሆነ ክልከላው በጽሑፍ መሆን አለበት። ሦስት ዓመት ሞልቶ፣ በማኅደሩ ቅጣትም የክልከላ ደብዳቤም ከሌለ፣ ይህንኑ በደብዳቤዎ ላይ በግልጽ ያስፍሩ።

ፐርፕል ሃርት ከሁሉም ይከብዳል። ጉዳቱ በጠላት እርምጃ የመጣ መሆኑን፣ በሕክምና ባለሙያ መታከሙንና ሕክምናው መመዝገቡን ማሳየት ያስፈልጋል። አብረው የነበሩ ወታደሮች ቃል ይረዳል፤ የሕክምና መዝገብን ቦታ ግን አይተካም። በፍንዳታ ጭንቅላቱ ተናውጦ ከሙሉ ሥራ ከ48 ሰዓት በላይ እንዲታቀብ የታዘዘ ሰው ሊገባው ይችላልና ያን የሐኪም ወረቀት በትጋት ይፈልጉ።

የምስክር ቃል ሲጻፍ ምስክሩ ስሙን፣ ማዕረጉን፣ ያኔ የነበረበትን ክፍልና ኃላፊነት፣ ቀኑንና ቦታውን ጽፎ በዓይኑ ያየውን ብቻ ይናገር፤ ይፈርምም። «ጀግና ነበር» የሚል ሁለት ገጽ ምስጋና ለውሳኔ ሰጪው አይጠቅመውም።

ቀጥታ እርማት፦ ዲዲ 215

ለመጀመሪያውና ለሁለተኛው ዓይነት ጉድለት ቦርድ አያስፈልግም። የጦሩ የሰው ኃይል ቢሮ ራሱ ዲዲ 215 የሚባል የእርማት ወረቀት ይሰጣል። የምድር ጦሩ ቢሮ በኬንታኪ ፎርት ኖክስ፣ የባሕር ኃይሉ በቴነሲ ሚሊንግተን፣ የማሪን ኮር በቨርጂኒያ ኳንቲኮ፣ የአየር ኃይሉ በቴክሳስ ሳን አንቶኒዮ ነው። ማኅደራቸው በወረቀት ሴንት ሉዊስ ያለ የቀድሞ ወታደሮች ጥያቄያቸውን በዚያው በማዕከሉ በኩል ያስገባሉ።

ደብዳቤው ከአንድ ገጽ አይብለጥ። ሙሉ ስም፣ የአገልግሎት ቁጥር ወይም ሶሻል ሴኩሪቲ፣ የተወለዱበት ቀንና አድራሻ ይግባበት። ከዚያ እያንዳንዱ ሜዳሊያ በየራሱ መስመር ይምጣ፦ «ሳጥን 13 ላይ የኢራቅ ዘመቻ ሜዳሊያ ይጨመር፤ ማስረጃ፦ ሳጥን 18 እና አባሪ 2»። አባሪዎቹን ቁጥር ይስጧቸው። ኦሪጅናል አይላኩ። በፖስታ ከሆነ መድረሱን የሚያረጋግጥ ሪሲት ባለው መንገድ ይላኩ፤ የላኩትንም ሙሉ ኮፒ ያስቀሩ።

ቦርዱ፦ ዲዲ 149

ቢሮው ሥልጣኔ አይደለም ካለ ወይም ከከለከለ፣ ያን ጊዜ ዲዲ 149 የተባለውን የማመልከቻ ቅጽ ሞልቶ ወደ ወታደራዊ መዝገብ እርማት ቦርድ ይኬዳል። ምድር ጦር የራሱ ቦርድ አለው። የባሕር ኃይሉ ቦርድ ማሪኖችንም ያያል፤ የአየር ኃይሉ ደግሞ የስፔስ ፎርስን ይጨምራል፤ ኮስት ጋርድም የራሱ አለው። ሌላው መንገድ ሳይሞከር በቀጥታ ለቦርዱ የተላከ ማመልከቻ ሳይታይ ይመለሳል፤ በሚመለስበት ጊዜ ደግሞ ወራት አልፈዋል። ስለዚህ የቢሮውን የእምቢታ ደብዳቤ እንደ መጀመሪያ አባሪ ያያይዙት።

ቅጹ ስህተቱ መቼ እንደታወቀ ይጠይቃል። ሕጉ ከታወቀበት ቀን ጀምሮ ሦስት ዓመት ይሰጣል፤ ቦርዱ ግን ለፍትሕ ሲል ይህን ሊያልፈው ይችላል። ጊዜው ካለፈ ያንን ሳጥን ባዶ አይተዉት። ለምን እንደዘገየ በሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገር ይግለጹ፦ ማኅደሩ የደረሰዎ ዘንድሮ ከሆነ ይህንኑ ይጻፉ፤ የደረሰበትን ደብዳቤም ያያይዙ። ውሳኔ እስከ 18 ወር ሊወስድ ይችላል። ከተከለከሉ ቀድሞ ያልቀረበ አዲስ ማስረጃ ይዘው እንደገና እንዲታይ መጠየቅ ይችላሉ፤ ያንኑ ፋይል መልሶ መላክ ግን ዋጋ የለውም።

ጭራሽ ላልጸደቀ ሽልማት

ድርጊቱን በቅርብ የሚያውቅ ሰው፣ በተለይ የያኔው አዛዥ፣ የሽልማት ማስመረጫ ቅጹን አሁን ይሞላል፤ የዓይን ምስክሮች ቃል ይያያዛል። የጊዜ ገደቡ ካለፈ ጥያቄው በአሜሪካ ምክር ቤት (ኮንግረስ) አባል በኩል እንዲቀርብ ሕግ ይፈቅዳል። በሚኖሩበት አካባቢ ያለው የምክር ቤት አባል ቢሮ የግል መረጃ ፈቃድ ቅጽ ያስፈርምዎታል፤ ያለዚያ ስለ እርስዎ ጉዳይ ከጦሩ ጋር መነጋገር አይችልም። ተሸላሚው ራሱን ማስመረጥ አይችልም፤ አዛዡን ፈልጎ ማግኘት ግን የእርሱ ድርሻ ነው።

ሰውየው ካረፈ

ዳግም ያላገባ የትዳር ጓደኛ፣ ልጅ፣ ወላጅ፣ ወንድም ወይም እህት የሞት የምስክር ወረቀትና ዝምድናን የሚያሳይ ማስረጃ ይዞ ማኅደሩን መጠየቅ ይችላል። ከተሰናበተ 62 ዓመት ያለፈው ሰው ማኅደር ለማንም ክፍት ነው፤ ኮፒው ግን ይከፈልበታል። በኮሪያ ከአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ጋር የተሰለፉት የቃኘው ሻለቃ አባላት ልጆች ግን አንድ ነገር ይወቁ፤ አባቶቻችሁ የኢትዮጵያ ጦር አባላት ስለነበሩ ዲዲ 214 የላቸውም፤ እነዚህ ቦርዶችም ጉዳያቸውን አያዩም።

ለእርማቱ መንግሥት ምንም አያስከፍልም። ዕውቅና ያላቸው የቬተራን ድርጅቶችና የካውንቲ የቬተራን ቢሮዎች ቅጹን በነፃ ያስሞላሉ፤ ገንዘብ ከሚጠይቅ አስሞይ ይራቁ።

ዲዲ 215 ሲደርስ የስሙን ፊደልና እያንዳንዱን ሜዳሊያ እዚያው ያመሳክሩ። ወረቀቱ ዲዲ 214ን አይተካም፤ ሁለቱ ሁልጊዜ አብረው መቀመጥና አብረው መቅረብ አለባቸው። ለቪኤ ቀድሞ ያስገቡት ዲዲ 214 ብቻ ከሆነ 215ቱን ያስጨምሩ፤ በካውንቲ አስመዝግበውት ከሆነም እንዲሁ። ሜዳሊያው ራሱ ካልተሰጠዎ፣ እርማቱን አያይዘው ሲጠይቁ ለባለቤቱ በነፃ ይላክለታል።