በጥንት ፎቶግራፍ የመሬትን ለውጥ ማጥናት የሚቻለው እንዴት ነው?

የእንግሊዝ ጦር በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ ሲዘምት፣ አብረው የነበሩ የመሐንዲስ ክፍል ወታደሮች በመንገዳቸው ያገኙትን ጋራና ሸለቆ በፎቶግራፍ አንሥተው ነበር። ከ140 ዓመት በኋላ ቤልጅማዊው የጂኦግራፊ ተመራማሪ ያን ኒሰንና ባልደረቦቻቸው በእነዚያው ቦታዎች ቆመው ዳግመኛ ሲያነሡ፣ የሰሜኑ መሬት በዚያ ዘመንም ክፉኛ የተራቆተ እንደነበረና ዛሬ ያለው የዕፅዋት ሽፋን ከያኔው እንደሚሻል አዩ። «ድሮ ሁሉም ደን ነበር» የሚለው አባባል ምን ያህል መፈተሽ እንደሚገባው ከዚህ በላይ የሚያሳይ ማስረጃ አላውቅም።

እርስዎም በአካባቢዎ ይህን ለመሥራት ቢያስቡ፣ አሮጌውን ፎቶግራፍ በትልቁ አሳትመው አስቀድመው ለአገሩ ሽማግሌዎች ያሳዩ፤ ሸንተረሩን ከማንም በፊት የሚለዩት እነሱ ናቸው። ከዚያ በፎቶው ላይ አንድ የቅርብ ቋጥኝና ከበስተጀርባው ያለ የሩቅ ጫፍ ይምረጡ። ዛፍና ቤት ግን አይሆኑም፤ የሚጠናው የእነሱ መለወጥ ነውና። ቋጥኙ በፎቶው ላይ ከጫፉ በስተግራ ሆኖ ሳለ አሁን በስተቀኝ ከታየዎት፣ እንደ ፎቶው እስኪገጥም ድረስ ወደ ቀኝ ይራመዱ። ሲገጥም ቦታውን በጂፒኤስ ይመዝግቡ።

ወቅቱም መመሳሰል አለበት። በበጋ የተነሣን ፎቶ በመስከረም ልምላሜ ከተነሣ ጋር ማነጻጸር ያልነበረ ለውጥ ያሳያል። ሰዓቱን ከጥላው አቅጣጫ መገመት ይቻላል።

በንጽጽሩ ጊዜ ቁጥቋጦውን፣ እርሻውን፣ ቦረቦሩንና እርከኑን ለየብቻ ይመዝግቡ። ባሕር ዛፍ ወደ አገራችን የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ስለሆነ፣ በአዲሱ ፎቶ ላይ የሚታየው ሁሉ ሰው የተከለው ወይም ከዚያ የተስፋፋ ነው፤ ከአገር በቀሉ ደን ጋር ሊደመር አይገባም።

ከሁሉ የሚከብደው ምክንያቱን መለየት ነው፤ ፎቶው ለውጡን እንጂ ያመጣውን አያሳይም። ስለዚህ አንድ ዓይነት ዝናብ የሚያገኙ ሁለት ጎረቤት ተዳፋቶችን፣ አንዱን ከሰውና ከእንስሳት ንክኪ የተጠበቀ፣ ሌላውን ለግጦሽ ክፍት የሆነ፣ ጎን ለጎን ያነጻጽሩ፤ ጥበቃው የተጀመረበትንም ዓመት ይጠይቁ። የጦሩ ፎቶዎች የተነሡት በዘመቻው መንገድ ዳር ብቻ ስለሆነ፣ ከእነሱ የተገኘውን ውጤት ደኑ በቅርብ አሥርተ ዓመታት እየተመነጠረ ወዳለበት ወደ ደቡብ ምዕራብ ወስዶ መናገር አይቻልም።