የኪት ሪቻርድስን «ላይፍ» ጊታር ይዞ ማንበብ

የእንግሊዙ የሮክ ባንድ የሮሊንግ ስቶንስ ጊታሪስት ኪት ሪቻርድስ እ.ኤ.አ. በ2010 ያሳተመውን ግለ ታሪክ ሲያነቡ ጊታርዎን አጠገብዎ ያድርጉ። የመጽሐፉ ልብ ስለ አምስት ክሩ ቅኝት የሚያወራው ክፍል ነው፤ በዓይን ብቻ ካለፉት ግማሹ ያመልጥዎታል።

መጀመሪያ ስድስተኛውን፣ ወፍራሙን ክር ያውጡ። ከዚያ አምስተኛውን ከኤ (A) ድምፅ ወደ ጂ (G)፣ አንደኛውን ከኢ (E) ወደ ዲ (D) ያውርዱ። ሌሎቹን አይንኩ። ከወፍራሙ ጀምረው ሲመቱት ጂ፣ ዲ፣ ጂ፣ ቢ፣ ዲ ይሰማል። የላላ ክር ቅኝቱ ቶሎ ይሸሻል፤ ስለዚህ ከሚፈለገው ድምፅ ትንሽ አሳልፈው ያውርዱትና መልሰው እያጠበቁ ያድርሱት። አቅጣጫ ተሳስተው ካከረሩት ሊበጠስ ይችላል።

አሁን የባንዱን እ.ኤ.አ. የ1969 ዘፈን «ሆንኪ ቶንክ ዊመን» ይክፈቱ። አምስቱንም ክር በአንድ ጣት ሲጫኑ ሙሉ ኮርድ (አብረው የሚሰሙ ድምፆች ስብስብ) ይወጣል፤ የቀሩት ጣቶች ለጌጡ ነፃ ናቸው። አብረው ሲመቱ በምቶቹ መካከል የሚተወውን ዝምታ አይሙሉት፤ ውበቱ እዚያ ነው!

ሪቻርድስ ስለ ባንዱ ዘፋኝ ስለ ሚክ ጃገር የጻፈው ምሬት የአንድ ወገን ቃል ነው። ያንን ምዕራፍ ሁለቱ አብረው የደረሱትን ዘፈን እየሰሙ ያንብቡት፤ ፍቅሩም ይሰማል።