ከሃይላንድ ጠርሙስ፣ ከጎማ ከመነዳሪና ካረጀ ጂንስ፦ ለመላው ቤተሰብ የሚሆን የስፖርት መሣሪያ አሠራር

በባሕር ዳር ግቢዎች ውስጥ በቤት የተሠራ የስፖርት መሣሪያ አዲስ ነገር አይደለም። ሁለት ባዶ የወተት ቆርቆሮ በሲሚንቶና በጠጠር ሞልቶ፣ መሐላቸው የውሃ ቧንቧ ቁራጭ ሰክቶ፣ ሲደርቅ ጠዋት ጠዋት የሚያነሣው ወጣት በየሰፈሩ አለ። ጥረቱ የሚመሰገን ቢሆንም መሣሪያው የሚያገለግለው በቤቱ ካሉት ሁሉ ጉልበት ያለውን አንዱን ሰው ብቻ ነው። እናት አታነሣውም፣ አያት አይጠጉትም፣ ሕፃኑም እግሩ ላይ እንዳይጥለው ይከለከላል። እኔ የማቀርበው አሠራር በቤቱ ውስጥ ካለው ደካማ ሰው ይጀምራል፤ ለእሱ የሚስማማው ከተሠራ በኋላ ለብርቱው የሚሆነውን መጨመር ቀላል ነውና።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ አዋቂዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ፣ በተጨማሪም ዋና ዋና ጡንቻዎችን የሚያጠነክር ሥራ በሳምንት ቢያንስ 2 ቀን እንዲሠሩ ይመክራል። ከ5 እስከ 17 ዓመት ላሉ ልጆች በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ፣ ዕድሜያቸው 65 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆነ ደግሞ የሰውነትን ሚዛን መጠበቅ የሚያለማምድ እንቅስቃሴ በሳምንት 3 ቀን ወይም ከዚያ በላይ ያስፈልጋል ይላል። የመጀመሪያውን፣ የደቂቃውን ክፍል፣ እዚህ ከተማ ማሟላት አይከብድም፤ ባሕር ዳር ሜዳማ ናት፣ ዋና ዋና መንገዶቿ ዘንባባ የተተከለባቸው ናቸው፣ በብስክሌት ሥራ የሚሄድና ማታ ማታ በጣና ዳር የሚራመድ ሰውም ብዙ ነው። በአብዛኛው ቤት የሚጎድለው የጡንቻው ክፍል ነው፤ መሣሪያ የሚያስፈልገንም ለዚሁ ነው።

ዕቃውን ማሰባሰብ

ባዶ የሃይላንድ ጠርሙስ በየቤቱ አለ። ከመነዳሪ፣ ማለትም በጎማ ውስጥ አየር የሚይዘው ላስቲክ፣ ብዙ ጊዜ ከተለጠፈ በኋላ የሚጣለው በጎሚስታ ደጃፍ ነው። የብስክሌትና የባጃጅ ከተማ ላይ ስለምንኖር ይህ ዕቃ አይቸግርም፤ ጎሚስታውን ሰላም ብለው ምን ሊሠሩበት እንደሆነ ቢነግሩት በነፃ ወይም በጥቂት ብር ይሰጥዎታል። ከዚህ ሌላ ያረጀ ጂንስ ሱሪ፣ ማዳበሪያ፣ ጥቂት ጠንካራ ፌስታል፣ የተቀዳደደ ካልሲ፣ የኒሎን ገመድ፣ ስኮችና ማርከር ቢኖር ይበቃል።

አሸዋውን ቤት ከሚያሠራ ጎረቤት ጠይቆ ሁለት ባልዲ መውሰድ ይሻላል። ነፃ ነው በማለት ከሐይቁ ጠርዝ ውሃ ውስጥ ገብቶ መቅዳት ግን አይገባም። በጣና ዳርቻ ቢልሃርዚያ አለ፤ የበሽታው ትል ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ ከሚኖሩ ትንንሽ ቀንድ አውጣዎች ወጥቶ ውሃው ውስጥ በቆመ ሰው ቆዳ በኩል ይገባል። አሸዋው ከመጣ በኋላ ጠጠሩ በወንፊት ይለይና ማዳበሪያ ላይ ተዘርግቶ ሁለት ቀን ሙሉ ፀሐይ ይመታው። እርጥብ አሸዋ በጠርሙስ ውስጥ ይሸታል፤ ሲደርቅም ክብደቱ ስለሚቀንስ በላዩ የጻፉት ቁጥር ውሸት ይሆናል።

የፀረ ተባይ መድኃኒት፣ የባትሪ አሲድ ወይም የሞተር ዘይት የነበረበትን ጀሪካንና ጠርሙስ ምንም ያህል ቢታጠብ ለዚህ ሥራ አይጠቀሙበት። ልጆች የሚይዙት፣ ላብ ያለበት እጅ የሚነካው ዕቃ ነው።

ከጠርሙስ የሚሠራ ክብደት

አንድ ሊትር ውሃ 1 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ አንድ ሊትር ደረቅ አሸዋ ደግሞ ወደ 1.6 ኪሎ ግራም ይጠጋል። ስለዚህ ግማሽ ሊትሯ ጠርሙስ በውሃ ስትሞላ ግማሽ ኪሎ፣ በአሸዋ ስትሞላ 800 ግራም ያህል ትሆናለች፤ ባለ 2 ሊትሩ በአሸዋ ከ3 ኪሎ ትንሽ ያልፋል። የሌላ ጠርሙስ አንገት ቆርጠው እንደ ማጥለያ ይጠቀሙና አሸዋውን እየጨመሩ የጠርሙሱን ሥር መሬት ላይ ቀስ እያደረጉ ይምቱ፤ ክፍት ቦታ ከቀረ አሸዋው በየእንቅስቃሴው እየተንሸራተተ የእጅ አንጓን ያስቸግራል። ክዳኑ ጠብቆ ከተዘጋ በኋላ በስኮች ሦስትና አራት ጊዜ ይጠቅለል፣ መያዣውም ከካልሲ በተቆረጠ ጨርቅ ይሸፈን፣ እጅ ሲያልበው እንዳያንሸራትት። ሁለቱን ጠርሙሶች ባለሱቁ ሚዛን ላይ አስቀምጦ ማስተካከልና ክብደቱን በማርከር መጻፍ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን ጥንዶቹ እኩል ካልሆኑ አንደኛው ትከሻ ብቻ ይደክማል፣ ቁጥሩ ካልተጻፈም ማን ከየት ተነሥቶ የት እንደደረሰ አይታወቅም።

እናቴ የጀመረችው በግማሽ ሊትር ውሃ ነው። ወንበር ላይ ተቀምጣ ሁለቱን ጠርሙሶች ከጭኗ ወደ ትከሻዋ፣ ከትከሻዋ ወደ ላይ አሥር ጊዜ ታነሣለች፣ ታርፍና ትደግማለች። ውሃ የመረጥንላት ከአሸዋ ስለሚቀል ብቻ አይደለም፤ ከጠርሙሱ ላይ እያፈሰሱ ወይም እየጨመሩ በየሳምንቱ ልኩን መለወጥ ስለሚቻል ነው።

ለብርቱው ሰው ደግሞ በየቤቱ ያለው ቢጫ ጀሪካን አለ። ውሃ ሲጠፋ ብለን ሞልተን የምናስቀምጠው ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 20 ኪሎ ክብደት ነው፤ ከመጠጥ ውሃችን ምንም ሳይጎድል ከግቢው ጫፍ እስከ ጫፍ ይዞ መመላለስ እጅን፣ ጀርባንና እግርን ባንድነት ያሠራል። ሁለት ጀሪካን በሁለት እጅ መያዝ አንዱን ብቻ ከመያዝ ለወገብ ይሻላል፤ 20 ኪሎው ለከበደው እያንዳንዱ ጀሪካን በግማሽ ይሞላ።

ከከመነዳሪ የሚሠራ መጎተቻ

ከሁሉም መሣሪያ እኔ የምወደው ይህን ነው፤ ክብደት የለውም፣ እግር ላይ አይወድቅም፣ ከአያት እስከ ወጣት አንዱ ዓይነት ዕቃ በስፋቱ ብቻ እየተለየ ያገለግላል። ሆኖም በጥንቃቄ ጉድለት የሚጎዳው መሣሪያም ይኸው ስለሆነ አሠራሩን ዘርዘር አድርጌ ልናገር።

ከመነዳሪው በኦሞና በለብ ያለ ውሃ ውስጡም ውጭውም ይታጠብ፤ ውስጡ ያለው ነጭ ዱቄት እንዳይበንንብዎ ሲቆርጡት ከፊትዎ ያርቁት። አየር የሚነፋበት ብረት ያለበት ክፍል በሁለት ወገን በመቀስ ተቆርጦ ይጣል። የቀረው የብስክሌት ከመነዳሪ ወደ 2 ሜትር የሚጠጋ ቱቦ ይሆናል። ይህን በቁመቱ ሰንጥቀው 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ጥብጣብ ቢያወጡ ለአረጋውያንና ለልጆች ይስማማል፤ እጥፍ ስፋት ያለው ለአዋቂ፣ ሳይሰነጠቅ የቀረው ሙሉ ቱቦ ደግሞ ለጠንካራው ሰው ነው። የባጃጁ ከመነዳሪ አጭርና ወፍራም ስለሆነ ለእግር ልምምድ፣ ከጉልበት በላይ ጭን ላይ ለሚጠለቅ ቀለበት ይመረጣል። መቀሱ የተሳለ ይሁን፣ አቆራረጡም ሳይቋረጥ ወጥ ይሁን፤ ጠርዙ ላይ የምትቀር ትንሽ ጭረት ኋላ መበጠሻው የሚጀምርባት ቦታ እሷ ናት።

ከዚያ ጥብጣቡን ወደ ብርሃን ይዘው በመለጠጥ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይመርምሩት። ፀሐይ ላይ የከረመ ላስቲክ ሲለጠጥ የፀጉር ያህል የቀጠኑ ስንጥቆችን ያሳያል፤ እንዲህ ያለውን ይጣሉት። የተለጠፈበት ቦታ ካለም ቆርጠው ያውጡት። መያዣ ለመሥራት ጫፉን አንድ ስንዝር ያህል ወደ ኋላ አጥፎ፣ መታጠፊያው ላይ የእጅ መዳፍ የምታህል የፕላስቲክ ቧንቧ ቁራጭ ማስገባትና ሁለቱን ንብርብሮች በቀጭን የከመነዳሪ ክር ማሠር ነው። ክሩ እየተለጠጠ፣ እየተደራረበ ሃያ ጊዜ ያህል ይጠምጠም። የጣና ታንኳ ሠሪዎች ደንገሉን እንዴት እንደሚያጠብቁት ያየ ሰው ምን ማለቴ እንደሆነ ይገባዋል፤ ጥንካሬው ከአንድ ቋጠሮ ሳይሆን ከብዙ ጥብቅ ዙር ይመጣል። ተራ ቋጠሮ ላስቲክ ላይ እየላላ ይፈታል።

የመጀመሪያውን የሠራሁትን በመስኮት ብረት ላይ አሥሬ ስጎትት የብረቱ ጠርዝ በልቶት ተበጠሰና እጄን ገረፈኝ፤ ሴት ልጄ አጠገቤ ቆማ ስለነበር ፊቷን ቢያገኛት ኖሮ ብዬ እስከ ዛሬ አስበዋለሁ። ስለዚህ ማሠሪያው ሁልጊዜ ክብ ነገር ይሁን፤ የበረንዳ ምሰሶ ወይም የግቢ ዛፍ በወፍራም ጨርቅ ተጠቅልሎ ይበቃል። አዲሱን መጎተቻ ማንም ከመጠቀሙ በፊት ሠሪው ራሱ፣ ፊቱን ዞር አድርጎ፣ ልምምዱ ከሚጠይቀው ትንሽ አልፎ አሥር ጊዜ ይጎትተው። ከዚያ ወዲህ ከተፈጥሮ ቁመቱ እጥፍ በላይ እንዲለጠጥ አልፈቅድም፤ በመስመሩም ላይ ሕፃን አይቆምም።

የጂንስ አሸዋ

ከጂንሱ አንዱን እግር ከጉልበት በላይ ጀምሮ ይቁረጡና ታቹን በሲባጎ ድርብ አድርገው ይስፉት። አሸዋው በቀጥታ ወደ ጨርቁ አይገባም፤ ሁለት ሁለት ኪሎ እየሆነ በፌስታል ውስጥ ይታሠራል፣ ፌስታሉ በሌላ ፌስታል ይደገማል፣ ከዚያም ይገባል። እንዲህ ሲሆን አራቱን አስገብቶ 8 ኪሎ፣ ሁለቱን አውጥቶ 4 ኪሎ ማድረግ ይቻላል። አፉ በገመድ ይታሠራል፤ በውጭ በኩል ማዳበሪያ ቢለብስ አቧራው ቤት ውስጥ አይረግፍም። ደረት ላይ አቅፎ ወንበር ላይ መቀመጥና መነሣት፣ ትከሻ ላይ አድርጎ ደረጃ መውጣት ዋና ዋና አጠቃቀሞቹ ናቸው። ከመሬት ሲነሣ ጉልበት ይታጠፍ፣ ጀርባ ይቅና፣ ትንፋሽም አይያዝ።

የልጆቹ

ለልጆች ክብደት ከመሥራት ጨዋታ መሥራት ይበልጣል። የካልሲ ኳስ አሠራር ለማንም አይጠፋም፤ ጨርቅ በጨርቅ ተጠቅልሎ፣ በካልሲ ተሸፍኖ፣ በክር ይታሠራል። ገመድ ዝላይ ደግሞ ልኩ ይጠበቅ፤ ልጁ የገመዱን መሐል ረግጦ ሲቆም ሁለቱ ጫፎች ብብቱ ዘንድ መድረስ አለባቸው፤ ከዚያ የረዘመ ያደናቅፋል። ዝላዩ ከሲሚንቶ ይልቅ በደልዳላ አፈር ላይ ይሁን። ግቢው ላይ ሰኞ ማክሰኞ ተሠምሮ ከዚህ ጋር ቢፈራረቅ 60 ደቂቃው ሳይታወቅ ይሞላል።

የመኪና አሮጌ ጎማ በጎኑ ሲተኛ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ስለሚኖረው፣ ውስጡ አፈር ጠቅጥቆ ላዩን በጣውላ መግጠም ጥሩ መወጣጫ ይሰጣል። የብረት ክሩ የወጣበትን አይውሰዱ። በክረምት ውሃ ያቆረ ጎማ የትንኝ መራቢያ ስለሚሆን ሥሩ ይበሳ። ለምንጣፍ የታጠፈ ብርድ ልብስ ላይ ሰሌን ማንጠፍ ይበቃል። ከጉልበት ሥር የሚደረግ ድጋፍ የፈለገ ሰው ደረቅ ደንገል በጨርቅ ጠቅልሎ መሥራት ይችላል፤ ውስጡ እንደ ስፖንጅ ስለሆነ ይመቻል፣ ግን ውሃ ስለሚጠጣ ከእርጥበት ይራቅ።

ሰዓቱና ልኩ

በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀቱ ስለሚበረታ ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ተኩል፣ ወይም ከ11 ሰዓት በኋላ መሥራት ይመረጣል። በዐቢይ ጾም እስከ 9 ሰዓት ሳይበሉና ሳይጠጡ የሚቆዩ ሰዎች የክብደቱን ሥራ ምግብና ውሃ ከወሰዱ ከሁለት ሰዓት ያህል በኋላ ያድርጉት፤ ጠዋት ቀላል እርምጃ ይበቃቸዋል። የደም ግፊት ወይም የልብ ሕመም ያለበት፣ በቅርቡ ቀዶ ጥገና የተደረገለት፣ ነፍሰ ጡርም የሆነች ሴት ከመጀመራቸው በፊት ጤና ጣቢያ ጠይቀው ይጀምሩ።

እኛ ቤት ማክሰኞና ዓርብ ማታ ሁላችንም ግቢ ውስጥ እንወጣለን። እናቴ ከጠርሙሱ በኋላ እጇን ሳትደገፍ ከወንበር ትነሣለች፣ ትቀመጣለች፤ ቀጥላም ምሰሶውን በአንድ ጣት ነክታ በአንድ እግሯ ትቆማለች፣ ልጅ ከጎኗ ሆኖ ይጠብቃታል። አንድ ሰው አሥራ አምስት ጊዜ ያለ ችግር ማንሣት ሲችል ክብደቱ በትንሹ ይጨመርለታል፤ መገጣጠሚያ ላይ ሕመም ከተሰማው ወደ ነበረበት ይመለሳል። ወር በገባ የመጀመሪያው እሑድ ሁሉም ዕቃ ሰሌኑ ላይ ይዘረገፋል፦ የጠርሙሱ ክዳን ይፈተሻል፣ ፕላስቲኩ በፀሐይ ነጥቶ ከደረቀ ይለወጣል፣ የጂንሱ ስፌት ይጎተታል፣ ከመነዳሪው ተለጥጦ በብርሃን ይታያል። ከዚያ ከፀሐይና ከዘይት ርቆ በጥላ ይሰቀላል፤ የተሰነጠቀው በቁራጭ ተቆርጦ ለሚቀጥለው መጎተቻ ማሠሪያ ክር ይሆናል።