አሮጌ መጽሐፍ ገዝተው በኦንላይን ሲሸጡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ክረምት ላይ አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ደወሉልኝ። ቴሌግራም ቻናሌ ላይ አይተው አንድ የታሪክ መጽሐፍ ከእኔ ገዝተው ነበር። «ልጄ፣ መጽሐፉ ደርሶኛል፣ እግዜር ይስጥልኝ። ግን ከገጽ 112 ቀጥሎ ያለው 129 ነው» አሉኝ። ድምፃቸው ላይ ቁጣ አልነበረም፤ ለዚህ ነው ይበልጥ የተሰማኝ። መጽሐፉን የገዛሁት ከብሔራዊ ቴአትር ጀርባ፣ መሬት ላይ ከተዘረጋ ሸራ ነው። ሽፋኑን አየሁ፣ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ገጽ ገለጥኩ፣ ከፈልኩ። መሃሉን አላየሁትም። ገንዘባቸውን መለስኩላቸው፤ መጽሐፉንም እንዲያስቀሩት ለመንኳቸው።

በኦንላይን የሚገዛ ሰው መጽሐፉን በእጁ ይዞ ማገላበጥ አይችልም። በእሱ ፋንታ የሚገልጠው ሻጩ ነው። ከዚህ በታች የማነሳቸው ስህተቶች አብዛኞቹ የሚመጡት ይህን ከመዘንጋት ነው።

ሳይገልጡ መግዛት

መጽሐፍ ሲታተም ትልቁ ወረቀት ይታጠፍና ብዙ ጊዜ 16 ገጽ፣ 16 ገጽ ሆኖ ይደረደራል። ከዚያ ይሰፋል ወይም በሙጫ ይጣበቃል። ስለዚህ ጉድለት ሲኖር አንድ ሁለት ገጽ ሳይሆን 16 ገጽ በአንድ ጊዜ ይጠፋል። አንዳንዴም ያው 16 ገጽ ሁለት ጊዜ ይገባል፣ ወይም ተገልብጦ ይሰፋል። የመምህሩ መጽሐፍ ከ113 እስከ 128 የጎደለው በዚህ ምክንያት ነው። ይህን ለማወቅ ገጾቹን አንድ በአንድ መቁጠር አያስፈልግም። በየ10 ገጹ እየገለጡ ቁጥሩን ቢያዩ ጉድለቱ አያመልጥዎትም፤ ባለ 300 ገጽ መጽሐፍ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ሻጩ «ሙሉ ነው፣ ወንድሜ» ይልዎታል። ሊዋሽዎት ፈልጎ ላይሆን ይችላል። እሱም ከቆራሌው በጅምላ ነው የተረከበው፤ ከየቤቱ በጆንያ የወጣውን መጽሐፍ ማን ገልጦ አየው?

ገጹን ካዩ በኋላ መሃሉን ከፍተው ያሽትቱት። አዲስ አበባ ውስጥ ሐምሌና ነሐሴን በረንዳ ላይ ወይም በላስቲክ ስር ያሳለፈ መጽሐፍ ፀሐይ ላይ ደርቆ ደህና መስሎ ይቀርባል፤ የሻጋታው ሽታ ግን አይለቅም። ከዚያ ጀርባውን መታ መታ አድርገው ያራግፉት። ደቃቅ ዱቄት የመሰለ ነገር ከረገፈና ጥቃቅን ቀዳዳ ካዩ ብል ገብቶበታል። እንዲህ ዓይነቱን በነፃ ቢሰጡዎትም አይውሰዱ፣ መደርደሪያዎ ላይ ያሉትን ሁሉ ያስበላብዎታል። ካርታና ፎቶግራፍ ያላቸው መጻሕፍት ላይ ደግሞ ማውጫውን ከውስጡ ጋር ያመሳክሩ። መጀመሪያ ተቀዶ የሚወሰደው ካርታው ነው።

ኮፒውን «ኦሪጅናል» ማለት

ይህ ከሁሉ የከፋው ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚፈጸመውም ባለማወቅ ነው። ተፈላጊ የአማርኛ መጻሕፍት በፎቶ ኮፒ ተባዝተው፣ ሽፋናቸውም ተቀድቶ ይሸጣሉ። የበዓሉ ግርማን «ኦሮማይ» እንውሰድ። በ1975 ዓ.ም. በኩራዝ አሳታሚ ድርጅት ታትሞ ወዲያው ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲውም በ1976 ከጠፋ በኋላ የት እንደደረሰ አልታወቀም። ደርግ ከወደቀ በኋላ መጽሐፉ እንደገና ታትሟል። እንግዲህ አንድ ሰው «ኦሮማይ፣ የ1975 እትም» ብሎ ቢያመጣልዎት በእጅዎ ያለው ሦስት የተለያየ ነገር ሊሆን ይችላል፦ ያኔ የወጣው፣ በኋላ በደንብ የታተመው፣ ወይም የአንዱ ኮፒ። የሦስቱ ዋጋ ፈጽሞ አይገናኝም።

እንዴት ይለያሉ? ኮፒ ላይ ገጾቹ በሚገጣጠሙበት በኩል ጥቁር ጥላ ይታያል፣ አንዳንድ መስመር ወደ ጎን ይንጋደዳል፣ ፎቶግራፉ ጥቁርና ነጭ ብቻ ሆኖ የፊት ገጽታ ይጠፋል። የቀድሞ ባለቤት በእስክሪብቶ ያሰመረው መስመር በቀለም ሳይሆን በኮፒው ጥቁረት ወጥቶ ካገኙት ነገሩ አለቀ። በሌላ በኩል በጥንቱ መንገድ፣ ፊደል ለቃሚው ከእርሳስ ብረት የተሠራችውን እያንዳንዷን ፊደል ለቅሞ የታተመ መጽሐፍ ላይ የገጹን ጀርባ በጣትዎ ጫፍ ቀስ ብለው ቢዳስሱ ፊደሉ ወረቀቱን የተጫነበት ይሰማዎታል። እኔ ይህን የተማርኩት አንድ የለገሐር መጽሐፍ ሻጭ ዓይኔን አስጨፍኖ ጣቴን ገጹ ላይ ሲያስኬድ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ አሮጌ መጽሐፍ ሳልዳስስ አልገዛም።

ኮፒ ደርሶዎት ከሆነ እንደ ኦሪጅናል አድርገው ለሌላ ሰው አያስተላልፉት። የከሰሩት እርስዎ ነዎት፣ ክስረቱን ለማያውቅ ሰው አያሻግሩ።

እትሙንና ዓመቱን ማምታታት

የአማርኛ መጽሐፍ ዓመተ ምሕረት በእኛ አቆጣጠር ነው። ውጭ አገር ላለ ገዢ «1966» ብለው ብቻ ከጻፉለት ሰባት ስምንት ዓመት ያሳስቱታል፤ «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ይጨምሩበት። አንዳንዱ አሮጌ መጽሐፍ ደግሞ ዓመቱ በግእዝ ቁጥር ነው የተጻፈው። ፲፱፻፷፮ ማለት 1966 ነው፤ ፷ 60 ሲሆን ፸ 70 ነው። ሁለቱን ያምታታ ሻጭ የንጉሡን ዘመን መጽሐፍ የደርግ ያደርገዋል። የመጽሐፉን መጀመሪያና መጨረሻ ገጽ ይዩ፤ የማተሚያ ቤቱ ስም፣ «ሁለተኛ እትም» ወይም «ሦስተኛ ጊዜ ታተመ» የሚለው እዚያ አለ። ሽፋኑን ብቻ አንስቶ መለጠፍ ለማንም አይጠቅምም፤ የዚያን ገጽ ፎቶ ይጨምሩበት።

ርዕሱን በአንድ ዓይነት ፊደል ብቻ መጻፍ

ይህን ብዙ ሰው አያስበውም፣ ግን ሽያጭ የሚያሳጣው ይኸው ነው። ገዢ ቻናልዎ ውስጥ ሲፈልግ በለመደው ፊደል ነው የሚጽፈው። እርስዎ «ጸጋዬ» ብለው ለጥፈው እሱ «ፀጋዬ» ብሎ ቢፈልግ መጽሐፉ እያለ «የለም» ይመጣበታል። «ሐዲስ» እና «ሀዲስ»፣ «ዓለም» እና «አለም»፣ «ሠ» እና «ሰ» ሁሉም እንዲሁ ናቸው። መጽሐፉ ላይ እንዳለው አድርገው ይጻፉ፤ ከሥር ደግሞ ሌላውን አጻጻፍ ይጨምሩ። ውጭ አገር ባሉ ድረ ገጾች ላይ ሲሸጡ የደራሲው ስም ተገልብጦ፣ የአባት ስም ቀድሞ ሊመዘገብ ይችላል። በዓሉን «ግርማ» ብሎ የሚፈልግ ገዢ እንዳለ ያስቡ።

«ዋጋ በኢንቦክስ»

አሥር ሰው ጠይቆ ዘጠኙ የሚጠፋው በዚህ ምክንያት ነው። ዋጋ ይጻፉ። ሲያወጡትም ውጭ አገር አንድ ሻጭ በዶላር የለጠፈውን በምንዛሪ አባዝተው አይሁን፤ ያ ሰውዬው የተመኘው ዋጋ ነው፣ ይሸጥበት አይሸጥበት አያውቁም። ይልቅ ወጪዎን ይደምሩ። ለምሳሌ በ200 ብር ገዝተው በ350 ቢሸጡ 150 አተረፍኩ ይሉ ይሆናል። ካርቶኑ፣ ፕላስተሩ፣ ፍለጋ የወጡበት ታክሲ፣ «ነፃ ዴሊቨሪ» ብለው ቃል ገብተው ለሞተረኛ የከፈሉት ከዚያ ላይ ሲቀነስ አያት ድረስ የሄደ መጽሐፍ ትርፍ የለውም። የመላኪያውን ለየብቻ ይንገሩ፤ ወይም ስታዲየም ባቡር ጣቢያ ጋ ቀጠሮ ይያዙ፣ በሁለቱም መስመር የሚመጣ ሰው ይደርስበታል። የተሸጠውንም ወዲያው «ተሸጧል» ይበሉበት።

ስክሪንሾት ማመን

ገንዘብ መግባቱን የሚያውቁት ከራስዎ ስልክ ብቻ ነው። ገዢው የላከልዎት የቴሌብር ወይም የባንክ ስክሪንሾት በደቂቃ ውስጥ ሊቀናበር ይችላል። ቴሌብር ከ127 የሚልከውን መልእክት ይዩ፣ ሒሳብዎንም ከፍተው ያረጋግጡ፣ ከዚያ ሞተረኛውን ያስነሱ። ታማኝ ሰው አምስት ደቂቃ መጠበቁ አያስቀይመውም።

የተለገሰ መጽሐፍን እንደ ማንኛውም ሸቀጥ ማየት

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። እንግሊዝ አገር ኦክስፋም የተባለው ድርጅት በ1987 እ.ኤ.አ. ኦክስፎርድ ውስጥ መጽሐፍ ብቻ የሚሸጥበት ሱቅ ከፍቷል። እዚያ መጽሐፉን የሚለግስ ሰው እንደሚሸጥ፣ ገንዘቡም ለእርዳታ እንደሚውል አውቆ ነው የሚሰጠው። ነጋዴ ገብቶ በተጻፈው ዋጋ ቢገዛና አትርፎ ቢሸጥ የተዋዋሉት አልፈረሰም። እኛ ጋ ግን አንድ እናት የልጃቸውን መጻሕፍት «ለተቸገረ ተማሪ» ብለው ሲሰጡ በዓይናቸው የሚታያቸው ሱቅ አይደለም። መደርደሪያና አንድ የሚያነብ ልጅ ነው። በ2014 አራት ኪሎ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ሲከፈት ስንቱ ሰው ከቤቱ መጽሐፍ እየያዘ ወጥቷል፤ የሰጠው እንዲነበብ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ስህተት አለመጠየቅ ነው። ባዛር ላይ ለበጎ አድራጎት የሚሸጥ ከሆነ ይግዙ፤ ነጋዴ መሆንዎን ግን ይናገሩ፣ እንደ መርካቶ አይከራከሩ፣ ጠዋት ቀድመው ገብተው የልጆቹን መጻሕፍት በሙሉ አይጥረጉ። ሊሰጥ የመጣን ሰው በር ላይ ጠብቆ «እኔ ልውሰድልዎት» ማለት ግን ነውር ነው።

ሁለተኛው ስህተት ማኅተምን ችላ ማለት ነው። የትምህርት ቤት ወይም የቤተ መጻሕፍት ማኅተም ያለበት፣ ግን መወገዱን የሚያሳይ ምልክት የሌለበት መጽሐፍ ገበያ ላይ ሲያገኙ ከመግዛትዎ በፊት ለባለማኅተሙ ይደውሉ። እኔ አንድ ጊዜ እንዲህ አድርጌ ተቋሙ ሰው ልኮ ወሰደው፤ የመዘገቡት ከሁለት ዓመት በፊት «ጠፍቷል» ብለው ነበር። ማኅተሙን በምላጭ ፍቀው የሚሸጡ አሉ፤ ወረቀቱ የሳሳበትን ቦታ ብርሃን ላይ ሲይዙት ይታያል። «አይሸጥም» የሚል የታተመበት የተማሪ መጽሐፍም ላዩ ላይ እንደተጻፈው ነው፤ አይሸጥም።

ሦስተኛው በተቃራኒው በኩል ያለ ስህተት ነው፦ ያልተሸጠልንን ሁሉ «ልገሳ» ብሎ ማራገፍ። ዘመኑ ያለፈበት የኮምፒውተር መመሪያ፣ መልሱ የተሞላበት መልመጃ፣ የሻገተ መጽሐፍ ለአንድ ትምህርት ቤት ስጦታ ሳይሆን ሸክም ነው። ደውለው የሚፈልጉትን ይጠይቁ። ብዙ ጊዜ የሚሉዎት አንድ ነው፤ የአማርኛ የልጆች ተረት።

ፒዲኤፍ እና ብራና

መጽሐፉን ስካን አድርጎ ፒዲኤፉን በ50 ብር መሸጥ አሮጌ መጽሐፍ መነገድ አይደለም። በሕጋችን የደራሲው የቅጂ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ይጠበቃል፤ የደራሲው ልጆች እዚሁ ከተማ ውስጥ ያሉ ሰዎች ናቸው። ብራና ደግሞ ፈጽሞ አይንኩ። «ከገጠር የመጣ የጸሎት መጽሐፍ» ተብሎ የሚቀርብልዎት ከአንድ ቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት የወጣ ሊሆን ይችላል፤ የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209/1992 እንዲህ ያለውን ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትን ይከለክላል።

ውስጡን ሳያራግፉ መሸጥ

ሰው መጽሐፍ ውስጥ ያልሸሸገው ነገር የለም። መታወቂያ፣ የባንክ ደረቅ ቼክ፣ የልደት ካርድ፣ የደረቀ አደይ አበባ አግኝቻለሁ። ቤቱን ሊለቁ ዕቃ የሚያስወጡ አንዲት እናት ካዛንቺስ ጠርተውኝ የሟች ባለቤታቸውን አራት ካርቶን መጽሐፍ ሸጡልኝ። ማታ ገጽ ስቆጥር አንዱ ውስጥ በአራት የታጠፈ ደብዳቤ ወጣ። ከላይ ያለውን ስም ብቻ አይቼ መልሼ አጠፍኩት፤ የእሳቸው ስም ነው። በማግስቱ ወሰድኩላቸው። ቆመው አነበቡት፣ ከዚያም ነጠላቸው ውስጥ አደረጉትና «የትኛው መጽሐፍ ውስጥ ነበር፣ ልጄ?» አሉኝ። ነገርኳቸው። ለቻናሉ ፎቶ ያነሳሁለት፣ ዋጋም ያወጣሁለት መጽሐፍ ነበር፤ ከሰዓት በኋላ ሄጄ አመጣሁላቸው።