ሲጋራ ለማቆም የሚታገል ጎረቤት ካላችሁ

ሰፈራችሁ ውስጥ ሲጋራ ለማቆም የሚታገል ሊስትሮ፣ ወያላ ወይም የቀን ሠራተኛ ካለ «ተው» ብቻ አትበሉት። ከሥራ ጓደኞቹ አንድ ሁለት ሰው ፈልጉለትና በአንድ ቀን አብረው ያቁሙ። ከባዱ የመጀመሪያው ሳምንት ነው፤ በተለይ 2ኛውና 3ኛው ቀን። አምሮቱ ሲነሳ ግን አብዛኛውን ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ከታገሡት ያልፋል፤ ያኔ ውኃ መጠጣት፣ ቆሎ መቆርጠም፣ ለጓደኛ መደወል ይረዳል። በፍሬ የሚሸጥለትን ጀብሎ በዱቤ እንዳይሰጠው ለምኑት። የሲጋራውን ብር የዕለት እቁብ ይጣልበት፤ ሲጠራቀም በዓይኑ ሲያየው ይበረታል። ጫት የሚቅም ከሆነ ደግሞ ለጊዜው ከበርጫው ይራቅ፣ ብዙ ሰው ወደ ሲጋራ የሚመለሰው እዚያ ነው። አንዴ ተሳስቶ ቢያጨስም አትቆጡት፤ በማግስቱ እንደገና አብራችሁት ጀምሩ።