ከእንቁላል እስከ ጫጩት፦ የማስፈልፈያ መዝገብ እንዴት እንደሚያዝ

ኮምቦልቻ ውስጥ በምሠራበት ትንሽ ማስፈልፈያ አንድ ጊዜ የጫጩት ቁጥር በድንገት ወረደብን። ከ100 እንቁላል ከ80 በላይ እናወጣ ነበር፤ ወደ 70 ተንሸራተተ። ሁላችንም ማሽኑን ጠረጠርን። ባለሙያ ተጠራ፣ ቴርሞስታቱ ተፈተሸ፣ ማራገቢያው ተቀየረ። ምንም ለውጥ የለም። በመጨረሻ እንቁላሉን በመጣበት ቤት ለይተን ማስገባት ስንጀምር ነገሩ ወጣ። ከሁለቱ የወላጅ ዶሮ ቤቶች በአንደኛው አውራዎቹ እግራቸውን ታመው ሴቶቹን መስረር አቅቷቸው ነበር፤ እንቁላሉ ዘር አይዝም ነበር። እንቁላሉን እየቀላቀልን ስለምናስገባ ሦስት ዙር ሙሉ አላየነውም። ሦስት ዙር ማለት ሁለት ወር ነው።

ከዚያ ወዲህ የያዝነው መዝገብ በአንድ ነገር ላይ ይቆማል፦ እንቁላሉ የመጣበትን ቤት ስም ይዞ እስከ ጫጩቱ ሳጥን ይሂድ።

መዝገቡ ከዶሮ ቤቱ በር ይጀምራል። ለእያንዳንዱ ቤት መለያ ስጡት፤ ሀ፣ ለ፣ ሐ ይበቃል። እንቁላል በተሰበሰበ ቁጥር ትሪው ላይ ቤቱንና ቀኑን ጻፉ፤ «ለ፣ ጥር 12» እንደ ማለት። ደብተሩ ላይ ደግሞ የዶሮዎቹን ዕድሜ በሳምንት አስፍሩ። የሥጋ ዶሮ ወላጆች፣ ኮብ 500ም ሆኑ ሮስ 308 የተባሉት ዝርያዎች፣ በ25 ሳምንት አካባቢ መጣል ይጀምራሉ፤ 60 ሳምንት ገደማ ድረስ ይቆያሉ። እያረጁ ሲሄዱ ዘር ያልያዘ እንቁላል ይበዛል። ዕድሜያቸው ካልተጻፈ የዛሬውን ውጤት ከምን ጋር ታወዳድሩታላችሁ?

ከዚያ መለየት ነው። የተሰነጠቀ፣ ፍግ የነካው፣ ቅርጹ የተበላሸ፣ ከልክ በላይ የተለቀ እንቁላል ማሽን አይገባም። የተጣለውንም ቁጥር ጻፉ። ከአንዱ ቤት ሁልጊዜ የቆሸሸ የሚበዛ ከሆነ የሚጥሉበት ሳጥን ገለባ መቀየር አለበት ማለት ነው።

ለማሽን የተመረጠው እንቁላል ከ15 እስከ 18 ዲግሪ ባለው ክፍል እስከ 7 ቀን መቆየት ይችላል። ከዚያ በላይ በቆየ ቁጥር የሚፈለፈለው እየቀነሰ ይሄዳል። ደሴ ላይ ክፍል ማቀዝቀዝ ብዙ አያስቸግርም። ኮምቦልቻ ግን ግንቦት ላይ ቀኑ ይሞቃል። ክፍሉ ውስጥ ቴርሞሜትር ስቀሉ፣ ጠዋትና ከሰዓት ያሳየውን መዝግቡ።

ማሽን ሲገባ አዲስ ገጽ ክፈቱ። የዙር ቁጥር፣ የገባበት ቀንና ሰዓት፣ ከየቤቱ ስንት እንቁላል፣ በየትኛው መደርደሪያ። ወፍራሙ ጫፍ ወደ ላይ መሆኑን እዚሁ አረጋግጡ። ሰዓት ላይ ግን ተጠንቀቁ። የማሽኑ ስክሪን የሚያሳየው የፈረንጅ ሰዓት ነው። አንዱ ሠራተኛ 13:00 ብሎ ይጽፋል፣ ሌላው ያንኑ 7 ሰዓት ይለዋል፣ የሌሊት ተረኛው ደግሞ 7 ሰዓት ሲል ሌሊቱን ነው። አንዱን ምረጡና የደብተሩ ሽፋን ላይ በትልቁ ጻፉት። እኛ በሀገራችን ሰዓት እንጽፋለን፤ «ቀን» ወይም «ሌሊት» የሚለውን ሳንጨምር ግን አንተውም።

በመጀመሪያዎቹ 18 ቀናት ሙቀቱ ከ37.5 እስከ 37.8 ዲግሪ፣ እርጥበቱ ከ50 እስከ 60 በመቶ ይሁን። ተረኛው በየ2 ሰዓቱ አንብቦ ይፈርም፤ ትሪው መገላበጡንም በዓይኑ ይይ። መብራት ከጠፋ የጠፋበትና የመጣበት ደቂቃ፣ ጄኔሬተር የተነሳበት ሰዓት፣ ማሽኑ ውስጥ የታየው ዝቅተኛ ሙቀት ይጻፍ። ከሁለት ሳምንት በኋላ «ያኔ መብራት ጠፍቶ ነበር መሰለኝ» የሚል ትዝታ ማንንም አይረዳም።

በ10ኛው ቀን አካባቢ እንቁላሉን በጨለማ ክፍል በባትሪ እዩ። ምንም ደም ስር የማይታይበትን አውጡና በየቤቱ ቁጠሩ። ጥቂቱን ሰብራችሁም ተመልከቱ። አስኳሉ ላይ ትንሽ ጥቅጥቅ ያለ ነጭ ነጥብ ብቻ ካለ ዘር አልያዘም ነበር። ክብ ቀለበት ወይም ደም ካያችሁ ግን ዘር ይዞ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሞተ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ «ባዶ» ብላችሁ ከጻፋችሁ፣ ብዙ በቆየ እንቁላል የደረሰውን ጉዳት በአውራው ታላክካላችሁ።

ብዙ ሰው የሚዘለው ክብደትን ነው። ከየዙሩ ሁለት ሦስት ትሪ ምረጡ፣ ሲገቡ መዝኑ፣ በ18ኛው ቀን ድገሙ። የባዶ ትሪውን ክብደት ቀንሱ። እንቁላሉ ከ11 እስከ 13 በመቶ ያህል ውሃ ማጣት አለበት። 9 ኪሎ የነበረው 7 ኪሎ ከ920 ግራም ሆኖ ከተገኘ 12 በመቶ ነው፤ ጥሩ ነው። እኛ አካባቢ ይህ ልኬት ትርጉሙ ትልቅ ነው። ኮምቦልቻ ከባሕር ጠለል በላይ 1,850 ሜትር አካባቢ ነው፤ የሐረጎን ዳገት ወጥታችሁ ደሴ ስትደርሱ 2,500 ሜትር ገደማ ትሆናላችሁ። ከፍታው ሲጨምር አየሩ ይሳሳል፣ እንቁላሉም ውሃውን ቶሎ ይለቃል። ቆላ ላይ የሠራ ማስተካከያ ደሴ ላይ እንዳለ ሊሠራ አይችልም። የእናንተን ልክ የሚነግራችሁ የራሳችሁ ሚዛን ነው።

በ18ኛው ቀን እንቁላሉ ሀቸር ወደሚባለው ማውጫ ማሽን ይዛወራል። እዚያም ቅርጫቱ ላይ ያው የቤቱ ፊደል ይለጠፍ። ብዙ ጊዜ መለያው የሚጠፋው እዚህ ነው፤ ሥራው ስለሚያጣድፍ።

በ21ኛው ቀን የገባው ሁሉ መገኘት አለበት። ለምሳሌ ከሀ እና ከለ ቤት 1,500 1,500 እንቁላል ገባ እንበል። ከሀ 90 ዘር የሌለው፣ 135 ውስጡ የሞተ፣ 15 ደካማ ጫጩት፣ 1,260 ለሽያጭ የሚሆን ጫጩት ተገኘ። ድምሩ 1,500 ነው። ከለ 300 ዘር የሌለው፣ 135 የሞተ፣ 15 ደካማ፣ 1,050 ጥሩ ጫጩት። ይሄም 1,500። በጅምላ ብትቆጥሩ ከ3,000 እንቁላል 2,310 ጫጩት፣ 77 በመቶ፣ ብላችሁ ታልፋላችሁ። ለይታችሁ ስታሰሉ ሀ 84 በመቶ፣ ለ ደግሞ 70 በመቶ ነው። አሁን ዘር ከያዘው ብቻ አስሉ፦ ሀ 89.4፣ ለ 87.5 በመቶ። ማሽኑ ሁለቱንም እኩል ሊባል በሚችል ደረጃ አውጥቷል። መሄድ ያለባችሁ ወደ ለ ቤት አውራዎች ነው። ከ10 ሴት አንድ አውራ አለ ወይ? እግራቸው ጤነኛ ነው ወይ?

ውስጡ የሞተውንም ሳትሰብሩ አትጣሉ። በመጀመሪያው ሳምንት የሞተ ከበዛ የእንቁላሉን ቆይታና አያያዝ መርምሩ። በመካከለኛው ሳምንት ከሆነ የወላጆቹን መኖ፣ በተለይ ቫይታሚኑን። መጨረሻ ላይ ሙሉ ጫጩት ሆኖ የሞተ፣ ወይም ቅርፊቱን ወግቶ መውጣት ያቃተው ከበዛ፣ ያኔ ማሽኑን ጠርጥሩ፦ ሙቀት፣ እርጥበት፣ አየር። ጭንቅላቱ በሹሉ ጫፍ በኩል ከተገኘ ደግሞ ትሪው ላይ ሲደረደር ተገልብጦ ሊሆን ይችላል።

ልካችሁን ካወቃችሁ ትእዛዝ መቀበል ቀላል ነው። 2,000 ጫጩት ከተጠየቃችሁና አማካያችሁ 77 በመቶ ከሆነ 2,600 እንቁላል ያስፈልጋል። ቀኑን ከበዓሉ ወደ ኋላ ቁጠሩ። 21 ቀን ለመፈልፈል፣ 42 ቀን ለማሳደግ፣ በድምሩ 63። ለፋሲካ ዋዜማ ቅዳሜ እንዲደርስ እንቁላሉ ሁዳዴ ሊገባ 9 ቀን ሲቀረው ማሽን ውስጥ መሆን አለበት። ወሎ ደግሞ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አንድ ገበያ ነው የሚወጣው። በጾሙ ወራትም ዶሮ የሚገዛ አለ፤ ረመዳንና ኢድ ደግሞ በየዓመቱ ከአምናው ቀደም ብለው ስለሚመጡ አዲስ መቁጠር ይፈልጋሉ።

ጫጩቱ ሲጫን ሳጥኑ ላይ የዙር ቁጥሩና የቤቱ ፊደል ይጻፍ፤ የተነሳበትና የደረሰበት ሰዓትም። ወደ ደሴ የሚሄደውን በቀን ላኩት፣ የሌሊቱ ብርድ ለአንድ ቀን ጫጩት ከባድ ነው። በ7ኛው ቀን ለገዢው ደውላችሁ ስንት እንደሞተ ጠይቁ። ከ1 በመቶ ካለፈ ቁጥሩን በዚያው ዙር ገጽ ላይ፣ ከቤቱ ፊደል ጎን፣ በቀይ ጻፉ። ገጹ የሚዘጋው ያኔ ነው።