ጥርሱን ማን ሰበረው? የአሮጌ ዲ4 ካምቢዮ አከፋፈት

ኢተያ አካባቢ ከስንዴ ማሳ ላይ ጉቶ የሚነቅል አንድ ባለ ሰንሰለት ካተርፒላር ዲ4 ትራክተር አለ። የመለያ ቁጥሩ 7ዩ ብሎ ይጀምራል፤ ይህ ዓይነቱ የተመረተው እ.ኤ.አ. ከ1947 እስከ 1959 ነው፣ ስለዚህ ከኔ ዕድሜ ብዙም አይርቅም። ባለፈው በጋ ባለቤቱ ደወለልኝ። «ጋሼ፣ ሁለተኛ ማርሽ ሲገባ ይጮሃል፤ ከገባም በኋላ ያመልጣል። ካምቢዮው አለቀለት መሰለኝ።»

ክዳኑን ለመክፈት አትቸኩሉ። ማሽኑን ሜዳ ላይ አቁሙና ከሰንሰለቱ ፊትም ኋላም ወፍራም ታኮ አስገቡ፤ ካምቢዮው፣ ማለት የማርሾቹ ሳጥን፣ ሲፈታ ማሽኑን የሚይዘው ማርሽ የለም። ከዚያ ዘይቱን ንጹህ ሳፋ ላይ አውርዱ። ውስጡ የሚንኳኳ ነገር ካለ ሞተሩን ለማሞቅ ብላችሁ እንዳታስነሱ፤ ይዘገያል እንጂ ቀዝቃዛውም ይወርዳል።

እኔ ሳፋው አጠገብ በርጩማ አስቀምጬ እቀመጣለሁ። ዘይቱ ወተት ከመሰለ ውሃ ገብቷል፤ ዝናብ ላይ የሚያድር ማሽን ብዙ ጊዜ በማርሽ ዘንጉ ሥር ነው የሚጠጣው። እንደ ዱቄት የላመ ብርማ ነገር የዕድሜ ነው፣ አያስደነግጥም። ቢጫ ቅርፊት ካያችሁ ነሐስ ቡሽ እየተበላ ነው። በመጨረሻ ማግኔት በጨርቅ ጠቅልላችሁ የሳፋውን ታች ዳብሱ። ከኢተያው ማሽን የስንዴ ፍሬ የሚያካክሉ ሦስት ስባሪዎች ወጡ፤ አንዱ ጎናቸው የለሰለሰ፣ ሌላው እንደ ተሰበረ ስኳር የሚያብለጨልጭ። የማርሽ ጥርስ ነው። የኩሽኔታ ስባሪ ቢሆን ጎኑ ክብ ሆኖ እንደ መስታወት ያበራ ነበር።

አሁን ክዳኑን ክፈቱና ጥርሱ የት ላይ እንደ ተሰበረ እዩ። ጫፍ ጫፉ ብቻ ከተሸረፈ ማርሹ እየዞረ በግድ ሲከተት ኖሯል። ከሥሩ ከተነቀለ ከአቅም በላይ ጭነት አለ፣ ወይም በመሃል ባዕድ ብረት ገብቷል። ይህን ልዩነት የተማርኩት ተዋርጄ ነው። ወጣት ሳለሁ የአንድ ዶዘር ማርሽ ቀይሬ በኩራት አስረከብኩ፤ በሁለተኛው ወር ያው ጥርስ ተሸርፎ ተመለሰ። ለካ ማርሹን የሚበላው ፍሪሲዮኑ፣ ሞተሩን ከካምቢዮው የሚያላቅቀው ክፍል፣ ነበር! የፍሪሲዮኑ ትንሽ ፍሬን ሸራው አልቋል፤ ሻፍቱ ሳይቆም ሾፌሩ በጉልበት ይከታል። እንዲህ ያለው ማሽን ሞተሩ በዝግተኛ ዙር እየሠራ፣ ፍሪሲዮኑ ከሞተሩ ሙሉ በሙሉ ተላቆ፣ ጥቂት ከተጠበቀ በኋላም ማርሽ ሲገባ የሚጮህ ከሆነ ጥፋቱን ከካምቢዮው ውጭ ፈልጉ።

የማምለጡ ነገር ሌላ ነው። ጥርሶቹ ላይ ያለውን የተወለወለ ምልክት በባትሪ እዩት። ምልክቱ የጥርሱን ግማሽ ወርድ ብቻ ከያዘ ማርሹ እስከ ጥጉ አልገባም ማለት ነው፤ ማርሹን ገፍቶ የሚያስገባው ሹካ ሳስቷል ወይም ጎብጧል። ኢተያ ላይ ያገኘሁት ይህንኑ ነው፦ የሹካው አንድ ጣት እንደ ቢላ ስለት ሳስቶ ነበር፣ የሹካውን ዘንግ በቦታው የሚይዘው የኳሱ ሞላም ደክሟል። ሹካውን በነሐስ ብየዳ አስሞልተን ቶርኖ ቤት ወደ ልኩ አስመለስን።

ማርሹን ግን አትበይዱ። ከላዩ ብቻ ጠንክሮ ውስጡ ለስላሳ የሆነ ብረት ነው፤ የብየዳው እሳት ያንን ጥንካሬ ይገድለዋል። ጫፉ ጥቂት የተሸረፈ ከሆነ ሹሉን በመሳያ ድንጋይ አለስልሳችሁ ልትሠሩበት ትችላላችሁ። ከዚያ በላይ ከሆነ ከሥራ ከቆመ ዲ4 ላይ ማርሹን ከሚገጥመው ጓደኛው ጋር አውጡ። ቶርኖ ቤት አዲስ የሚያስቀርጽም አለ፤ ካልተጠነከረ ብርዎ ነው የሚበላው።

ሻፍት ስታወጡ በየጎኑ ያሉትን ሺሞች፣ እነዚያን ስስ ቆርቆሮዎች፣ ቆጥራችሁ «ግራ»፣ «ቀኝ» ብላችሁ በሽቦ እሰሩ። ከተቀላቀሉ ኮሮናና ፒኞን (ኃይሉን ወደ ሰንሰለቶቹ የሚያዞሩት ትልቁና ትንሹ ማርሽ) በልካቸው አይገጥሙም፤ ኋላ ሲያለቅስ ይሰማችኋል። አዲስ ኩሽኔታ በመዶሻ አይገባም። ዘይት ውስጥ አንጠልጥላችሁ ወደ 100 ዲግሪ ሲደርስ በራሱ ይንሸራተታል፤ የድስቱን ታች እንዳይነካ።

ከመዝጋታችሁ በፊት ሻፍቱን በእጅ እያዞራችሁ 5ቱንም ማርሾችና ሪቨርሱን አስገቡ። ረዳቴ ይህን «ጊዜ ማጥፋት» ይለዋል፤ እሱ ግን ክዳን ሁለቴ ፈትቶ አያውቅም። የክዳኑን ማሸጊያ ጓርኒሲዮን ቀይሩ፣ መመሪያው ያዘዘውን ዘይት ሙሉ፤ ነሐስ ያለበት አሮጌ ካምቢዮ ውስጥ ለዲፈረንሻል የሚሸጠውን ኃይለኛ ዘይት አትጨምሩ። መጀመሪያ ያለ ጭነት ንዱት፣ 10 ሰዓት ያህል ከሠራ በኋላ ዘይቱን ደግማችሁ አውርዱ። የኢተያው በማግኔቴ ላይ ያስቀረው ጥቁር ዱቄት ብቻ ነበር።